ብርዱ ትሉን አልገደለውም፤ ጊዜ ነው የነሳው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሰሜን ዋልታ መሞቅ የሚወጡ ጽሑፎችን ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገውና የማላገኘው ነገር አለ። በረዶው ይቀልጣል ይባላል። የዋልታ ድብ ይራባል ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። በእንስሳቱ ሳንባ፣ አንጀትና አንጎል ውስጥ ስለሚኖሩት ትሎች ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ይህ ዝምታ በጣም ያሳስበኛል።

ዝምታው ከአንድ የቆየ እምነት የመጣ ይመስለኛል። ብርድ ትልን ይገድላል ብለን እናስባለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የማምነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ላይ የሚኖረውን ሬይንዲር የተባለ የብርድ አገር አጋዘን እንይ። ማርሻላጊያ የተባለው የጨጓራ ትል ወደዚህ እንስሳ የሚገባው በበረዶው ወራት ነው። ትሪኪኔላ ናቲቫ የተባለው ትል ደግሞ በዋልታ ድብና በቀበሮ ሥጋ ውስጥ በረዶ ሆኖ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ሰውን አያድነውም። በደንብ ማብሰል ነው የሚያድነው።

ታዲያ ብርዱ ምን ይሠራል? የብዙዎቹን ትሎች ጊዜ ይነሳል። የትሉ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ከአንዱ እንስሳ ወጥቶ ሌላውን ለመያዝ እስኪደርስ ድረስ ማደግ አለበት። ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። ሞቃቱ ወቅት አጭር ከሆነ እድገቱን ሳይጨርስ በረዶ ይመጣበታል። ጥቂት ሳምንታት ከተጨመሩለት ግን ይጨርሳል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየው የማስክ ኦክስ ታሪክ ነው። ማስክ ኦክስ ጸጉሩ መሬት ሊነካ የሚደርስ፣ ብርድ የማይበግረው ትልቅ እንስሳ ነው። በ1988 በካናዳ ሰሜን፣ ኩግሉክቱክ አካባቢ፣ በሳንባው ውስጥ ከዚያ በፊት ማንም ያላወቀው ትል ተገኘ። የትሉ እጭ ከእንስሳው ከሚወጣው ፋንድያ ተነስቶ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ያድጋል። ማስክ ኦክሱ ሣር ሲግጥ ቀንድ አውጣውን ወይም ከእሱ የወጣውን እጭ አብሮ ይውጣል። ድሮ እጩ በቀንድ አውጣው ውስጥ እድገቱን ለመጨረስ ሁለት የሙቀት ወቅት ያስፈልገው ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አሁን በአንዱ ይበቃዋል። ሁለት ዓመት የነበረው አንድ ዓመት ሆነ ማለት ነው። በ2008 ደግሞ ያው ትል ከዋናው መሬት በባሕር በተለየችው በቪክቶሪያ ደሴት ላይ ተገኘ። የዱር እንስሳ ነውና መድኃኒት ልስጠው ብሎ የሚይዘው የለም።

የፊንላንድ ሬይንዲሮች ነገር ደግሞ በቢምቢ በኩል ነው የመጣው። ሴታሪያ ቱንድራ የሚባለው ትል በሆድ ዕቃ ውስጥ ይኖራል። ልጆቹ በደም ይዞራሉ። ቢምቢ ትነድፍና ይዛቸው ትሄዳለች። በውስጧ አድገው ወደ ሌላ ሬይንዲር እስኪተላለፉ ድረስ ሙቀት ይፈልጋሉ። በ1973 በአገሪቱ ሰሜን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሬይንዲሮች አለቁ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በሽታው ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት ቆየ። ተመራማሪዎች እንዳገኙት የሙቀት ወራቱ አማካይ ከ14 ዲግሪ ሲያልፍ አደጋው ይነሳል። የ2003ቱን ያሳበቀው የቄራ ሥጋ ምርመራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሆድ ዕቃው የተቆጣ፣ ትል የሞላው በድን በዝቶ ታየ። መርማሪው ባይጽፈው ኖሮ ዘግይተን ነበር የምንሰማው።

የቤት እንስሳም አልቀረለትም። የበግ ደም የሚመጠው ሄሞንከስ የሞቃት አገር ትል ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ በስዊድን በጎችም ውስጥ አለ። የበረዶውን ወራት ሜዳ ላይ መቋቋም ይከብደዋል። ስለዚህ በበጓ ጨጓራ ውስጥ አንቀላፍቶ ያሳልፈዋል። መውለጃዋ ሲደርስ ይነቃል፤ እንቁላሉም ግልገሎቹ በሚግጡበት መስክ ላይ ይበተናል።

ኔማቶዲረስ ባተስ ግን ለእኔ ከሁሉም ይብሳል። በ1951 በብሪታንያ የታወቀ የበግ አንጀት ትል ነው። እንቁላሉ ብርዱን ራሱን ይፈልገዋል። ቀዝቅዞ ይከርምና የአየሩ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በአንድ ጊዜ በብዛት ይፈለፈላል። በዚያን ሰዓት ሣር መጋጥ የጀመረ ግልገል ከተገኘ በቀናት ውስጥ በተቅማጥ ሊሞት ይችላል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ገና ያላደገ እጭ ስለሆነ በጠጡን መርምሮ እንቁላል አለማግኘት ዋስትና አይሆንም። አርቢዎች በየዓመቱ በለመዱት ቀን መድኃኒት ያጠጡ ነበር። አሁን ሙቀቱ ቀድሞም ይመጣል፣ ዘግይቶም ይመጣል። የቀን መቁጠሪያው ከዳቸው። በብሪታንያ ዛሬ የአየሩን ሙቀት እየተከተለ የሚወጣ ትንበያ አለ። ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ዝም ብሎ መድኃኒት መደጋገም መድኃኒቱን የለመደ ትል ያፈራል። ይህም በበጎች ላይ በብዙ አገር ታይቷል።

ሁሉንም በሙቀት ማሳበብ አልፈልግም። ከመጠን ያለፈ ሙቀትና ድርቅ ብዙ እጭ ይፈጃል። እንስሳት ከቦታ ቦታ ሲሄዱም ትላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በሰሜን አሜሪካ ነጭ ጅራት ያለው አጋዘን በአንጎሉ ሽፋን ላይ ትል ተሸክሞ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ያው ትል ሙስ የተባለውን ትልቁን አጋዘን ያሽመደምደዋል፤ ይገድለዋል። የበረዶው ወራት ሲለዝብ አጋዘኑ ሙስ ወዳለበት ወደ ሰሜን ይዘልቃል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ስለ ቀዝቃዛው ዓለም መሞቅ ስትጽፉ ሬይንዲር ጠባቂውን፣ አዳኙንና የቄራ መርማሪውን ጠይቁ። እንስሳውን ከፍተው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ ሳንባው ላይ ምን አያችሁ? ጉበቱስ? አምና ነበረ ወይ? ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ከበረዶው ካርታ አጠገብ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አንባቢያችሁ