የእርሻ በር መቀርቀሪያ ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ከብት እርባታ ሲጻፍ መኖ፣ ክትባትና ዝርያ ማሻሻል በሰፊው ይነሣሉ፤ ከብቱን በበረቱ ውስጥ የሚያቆየው መቀርቀሪያ ግን ተዘንግቶ ስለሚቀር፣ የሚከተለውን አስተያየት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ብዙ አርቢዎች መቀርቀሪያ ሲያሠሩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት የብረቱን ውፍረት ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ በአንድ እጁ መኖ የያዘ ሰው በሌላው እጁ ብቻ ሊከፍተውና ሊዘጋው ይችል እንደሆነ ነው። በሩን በትከሻ ገፍተው ካላነሡት በቀር ከማረፊያው የማይገባ መቀርቀሪያ፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት «አሁን እመለሳለሁ» ተብሎ ሳይዘጋ ይተዋል፤ ከብቱም ወደ ሰብል ወይም ወደ መኪና መንገድ የሚወጣው ያኔ ነው።

የእንስሳቱ ጠባይም መታሰብ አለበት። ወደ ላይ በማንሣት ብቻ የሚከፈተውን ዘንግ ፈረስና ፍየል በከንፈራቸው፣ ላምም በአፍንጫዋ እየገፋች መክፈት ይለምዳሉ። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን፣ ለምሳሌ አንሥቶ መሳብን፣ የሚጠይቅ መቀርቀሪያ ለሰው እጅ ሳይከብድ እንስሳውን ይገታል። ከሥር ለሚገፉት ለበጎችና ለአሳማዎች ደግሞ በበሩ ግርጌ ሌላ መያዣ መጨመር ይገባል።

ከሁሉ በላይ ላሳስብ የምወደው ግን ስለ በሩ መዝቀጥ ነው። የረጅም በር ክብደት በሙሉ በማጠፊያው በኩል ባለው ቋሚ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቋሚው ጥቂት ባጋደለ ቁጥር የበሩ ሌላው ጫፍ ብዙ ይወርዳል፤ ሸክላማ አፈርም ሲርስ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየሰነጠቀ ቋሚውን ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ከጠባቡ ቀዳዳ ጋር መገጣጠሙን ያቆማል፤ ሰዎችም መቀርቀሪያውን ትተው በገመድ ማሰር ይጀምራሉ። ቀለበቱ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የሚያዝ ሰንሰለት ግን በሩ ቢወርድም ይዘጋል፤ ስለዚህም ለረጅም በር እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። እርግጥ ነው፣ ከላላ ግልገል የሚያሾልክ ክፍተት ይተዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው በአንድ ቀለበት ማሳጠር ያስፈልጋል።

ሌባን ለመከላከል ጓጉንቸር የሚገባበት ቀዳዳ ቢኖረውም፣ በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ የሚነሣ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ የላይኛው የማጠፊያ ካስማ ወደ ታች ተገልብጦ ቢበየድ ግን በሩን ማንሣት አይቻልም። በያጆችም መቀርቀሪያውን ከሁለቱም ወገን እጅ በሚደርስበት ቦታ እንዲያደርጉትና የከብቱን ቆዳ የሚቀድ ሹል ጫፍ እንዳይተዉ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ከብት አርቢ አንባቢያችሁ