ያ በፎቶው ላይ ያለው ዓሣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት በተከፈተ ማግስት ያወጣችሁትን ፎቶ አይቼ ነው የምጽፈው። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ከጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊት ጭጋጉ ገና ያልለቀቀው ሐይቅ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ወጣት ጣቱን በዓሣው ስንጥብ (በመተንፈሻው) ውስጥ አስገብቶ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ዓሣውን ወደ ካሜራው ዘርግቶታል። ከሥር ያለችው ጽሑፍ «ከፎቶው በኋላ ወደ ውሃው ተመልሷል» ትላለች። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ አንድ መስመር ናት።

መመለሱንስ ተመልሷል። መትረፉን ግን እጠራጠራለሁ።

ልጁን ለመውቀስ አይደለም የተነሳሁት። እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። የመጀመሪያዬን የመክፈቻ ቀን መቼም አልረሳውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ፣ ጣቶቼ ክሩን መቋጠር እስኪያቅታቸው ድረስ ደንዝዘው፣ ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር ቆምኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ያዝኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በሱፍ ጓንት አፍኜ ያዝኩት፣ ድንጋይ ላይ አስተኛሁት፣ ጓደኛዬ ፎቶ ሊያነሳኝ ሲል የስልኩ ሜሞሪ ሞልቶ ኖሮ አሮጌ ፎቶ እየመረጠ መሰረዝ ጀመረ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በመጨረሻ ፎቶው ተነሳ፣ ዓሣው ተለቀቀ፣ ጭራውን አወዛውዞ ሄደ፤ እኔም ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ተኩራራሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዕቃዬን ልሰበስብ ስል ዳር ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል፣ ነጭ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አገኘሁት።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን መጎርጎር ያዝኩ። ስንጥብ የዓሣ ሳንባ በሉት፣ ደም የሞላባቸው በጣም ስስ ክሮች ናቸው። ውሃ ውስጥ ተበትነው ይቆማሉ፣ አየር ላይ ሲወጡ ግን እንደ ረጠበ ፀጉር እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ኦክሲጅን ማስገባትም ያቅታቸዋል። ዓሣው ደግሞ የወጣው ከመንጠቆው ጋር ታግሎ፣ አቅሙን ጨርሶ ነው። ሩጫ ጨርሶ የሚያለከልክን ሰው አፍና አፍንጫውን ይዛችሁ «ፈገግ በል፣ ፎቶ ላነሳህ ነው» እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ሬይንቦ የተባለውን የትራውት ዓይነት እስኪደክም ካዋከበ በኋላ ከውሃ አውጥቶ አቆይቶት ነበር። ከውሃ ጭራሽ ካልወጡት የሞቱት 12 በመቶ፣ 30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ፣ 60 ሰከንድ ከቆዩት 72 በመቶ ናቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርና፣ እነዚያ ዓሦች ለምርመራው ሲባል ቱቦ የገባባቸው ስለነበሩ ቁጥሩ ከተለመደው የከፋ ነው፤ በሌሎች ጥናቶች የሞት መጠኑ ከዚህ በጣም ያነሰበት አለ። አቅጣጫው ግን ያው ነው። 30 ሰከንድ ደግሞ ረጅም ጊዜ እንዳይመስላችሁ፤ ስልክ ከኪስ ማውጣትና ጓንት ማውለቅ ብቻውን ይበላዋል።

የመክፈቻ ቀን ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብርድ። ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ በረዶው በቀለጠ ሰሞን ጠዋት ጠዋት አየሩ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፣ በዚያ አየር ላይ የረጠበ ስንጥብና ዓይን መቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን በረዶ ሊሠራም ይችላል። በደረቅ እጅ ወይም በጓንት የያዝነው ዓሣ ደግሞ ያ ልጋጉ ይላጣል። ልጋጉ ለእኛ ማስጠሎ ነው፤ ለእሱ ግን ቆዳው ላይ ያለ መድኃኒቱ ነው፣ ከበሽታና ከሻጋታ የሚጠብቀው። ዓሣው የዚያን ቀን ላይሞት ይችላል። ከሳምንት በኋላ ሲሞት ግን እኛ የለንም፣ ፎቶው ብቻ አለን።

እና ምን ይደረግ? ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። እጅን አስቀድሞ ማርጠብ። ዓሣውን ከውሃ ሳያወጡ፣ እዚያው እንዳለ መንጠቆውን በፒንሳ መንቀል። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ከቤት ሳይወጡ በዚያው ፒንሳ ጨፍልቆ መምጣት፤ «ዓሣው ያመልጠኛል» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ክሩን ወጥሮ ለያዘ ሰው ግን ብዙም አያመልጥም፣ ከጃኬት እጅጌ ሲነቀል ደግሞ ጥቅሙን ያዩታል (ከጆሮም ሲነቀል፣ እሱን ከእኔ ጠይቁ)። ትል ተጠቅመው ዓሣው መንጠቆውን ወደ ሆዱ ከዋጠው ደግሞ አይጎትቱ፣ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጠው ይልቀቁት፤ ውስጡ ተበጣጥሶ ከሚሄድ መንጠቆውን ይዞ ቢሄድ የመትረፍ ዕድሉ ይበልጣል።

ሊበላው የሚወስድ ሰው ከእኔ ጋር ጸብ የለውም። የተፈቀደለትን ያህል ይያዝ፣ ቶሎ ይግደለው፣ በቃ። እንዲያውም እሱ ሳይሻል አይቀርም። እኔን የሚያበሽቀኝ ሃያ ዓሣ ይዞ፣ ሃያውንም ፎቶ አንስቶ፣ ሃያውንም «ለቅቄያለሁ» ብሎ እንደ ቅዱስ የሚቆመው ነው።

ሁለተኛው ነገር ጽሑፋችሁ ውስጥ ያለች አባባል ናት። «ዓሦቹ ክረምቱን ሙሉ አርፈው ለመክፈቻው ዝግጁ ሆነዋል» ትላለች። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዓሣ እኛን እየጠበቀ አያርፍም። ማጥመድ የሚዘጋው በአብዛኛው እንቁላል የሚጥልበትን ጊዜ ለማስከበር ነው። ችግሩ ሁሉም ትራውት በአንድ ጊዜ አይጥልም። ቡናማው ትራውት በመኸር ማብቂያ፣ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው የሚጥለው፤ እንቁላሉ ክረምቱን ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፋል፣ ከተፈለፈለም በኋላ ግልገሎቹ ለሳምንታት እዚያው ጠጠር ውስጥ ይቆያሉ። ሬይንቦ ግን በአብዛኛው የሚጥለው በጸደይ፣ ብርዱ ሲለቅ ነው። እና ተራራ ላይ፣ ውሃው ዘግይቶ በሚሞቅበት ቦታ፣ ይሄ ነገር ከመክፈቻው ቀን ጋር ሊገጥም ይችላል። እንቁላሉ 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለመፈልፈል አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ።

ታዲያ በመክፈቻው ቀን ሰው ሁሉ የሚጋፋው የት ነው? ጅረቱ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ላይ! ዓሣው እዚያ ስለሚሰበሰብ እኛም እዚያው እንሰበሰባለን፣ ቦት ጫማችንን አጥልቀን ጠጠሩን እንረግጣለን። እናቲቱ በጭራዋ ጠርጋ እንቁላሏን የቀበረችበት ቦታ ሲያዩት ይታወቃል፤ ዙሪያው ያለው ድንጋይ አልጌ ለብሶ ሲጠቁር እሱ ብቻ የታጠበ መስሎ ይነጣል። ሰው ደግሞ ንጹህና ጠንካራ መስሎት መርጦ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። አንድ እርምጃ፣ ስንት መቶ እንቁላል። ይሄን እናንተ በሁለት መስመር ብትጽፉት ከአሥር ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ በላይ ይሠራ ነበር።

እግረ መንገዴን ክሩ ወደ ታች እንዲሰጥም ስለምናስርበት እርሳስ፣ ስለ ብረቱ ማለቴ ነው፣ ልበል። እርሳስ ማክበጃ የውሃ ወፎችን ይመርዛል፣ ወፎቹ ከጠጠር ጋር ይውጡታል። እንግሊዝ በዝይ መሰሎቹ ነጫጭ ስዋኖቿ ሞት የተነሳ ትናንሾቹን የእርሳስ ማክበጃዎች መሸጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ነው። ሌላ ብረት አለ፣ ይሠራል። የተቆራረጠውን ክርም ኪሳችሁ ክተቱት።

አሁን ደግሞ ሚስጥር ላውጣ፣ አርታዒው ቢቆርጠውም አልቀየምም። ሌሊት ተነስቶ መሄዱ ለዚህ ሰሞን ብዙም አያዋጣም። የዓሣ ሰውነት እንደ ውሃው ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል፣ የመብላት ፍላጎቱም ይቀንሳል። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው፣ እና በረዶው በቀለጠ ሰሞን ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ተደባልቆ እዚያው አካባቢ ይቆያል። ፀሐይ ወጥታ ጥልቀት የሌለውን ዳር አንድ ሁለት ዲግሪ ስታሞቀው ነው ነፍሳቱም የሚንቀሳቀሱት፣ ዓሣውም ወደ ዳር የሚመጣው። ስለዚህ እኔ አሁን እጠግባለሁ እንቅልፌን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ሌሊት የመጡት ክራቸው ከጎረቤታቸው ክር ጋር ተጠላልፎ፣ ተኮራርፈው፣ ዕቃቸውን ሲጭኑ አገኛቸዋለሁ። መኪና ማቆሚያም አይቸግረኝም። ነፋሱ የሚነፍስበትን ዳር እመርጣለሁ፣ ሞቅ ያለውን የላይኛውን ውሃ ወደዚያ ስለሚገፋው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው መክፈቻ ፎቶ አንሺያችሁን ረፈድ አድርጋችሁ ላኩት። ዓሣው ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ የረጠበ እጅ ከሥር ደግፎት፣ ጎንበስ ብሎ ያንሳው። ምናልባት የያኛውን ያህል አያምር ይሆናል፣ የሰውየውም ፊት ላይታይ ይችላል። ግን «ወደ ውሃው ተመልሷል» የምትለዋን መስመር መጻፍ እንኳ አያስፈልጋችሁም።

ልጁን ካገኛችሁት ሰላም በሉልኝ። ዓሣው እውነትም ትልቅ ነው፣ ቅናት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ፒንሳ ከሌለው ደግሞ እኔ ሁለት አለኝ።

አክባሪያችሁ፣
ረፍዶ የሚመጣው አጥማጅ