ስለ ማሽኑ ፍጥነት ለጠየቁኝ ጥያቄ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «በደቂቃ 1000 ጊዜ የሚሰፋ የጥልፍ ማሽን ገዝተሽ ለምን በ700 ታሠሪዋለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩልዎትም።

መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ እርስዎ አስቤ ፍጥነቱን እስከ ጫፍ ከፍቼው ነበር። 10,000 ስፌት ያለው ጥልፍ በ1000 ፍጥነት በ10 ደቂቃ ያልቃል፤ በ700 ደግሞ ከ14 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ነገር ግን ክር በተበጠሰ ቁጥር ጎን ለጎን የሚጠልፉት አራቱም የማሽኑ ራሶች አብረው ይቆማሉ፤ ክሩን እንደገና ሰክቼ፣ ጥቂት ስፌት ወደ ኋላ መልሼ እስካስነሳው ድረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ከተበጠሰ ያተረፍኩት ጊዜ አለቀ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የተደረበው ስፌት ጠባሳ ሆኖ ይታያል፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ እርሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ክሩን ከክንድዎ ሳያስረዝሙ ይቆርጡ የነበረው፣ ረጅም ክር በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ እየሳሳ ስለሚበጠስ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። የማሽኑም ነገር ያው ነው። በ1000 ፍጥነት መርፌው በሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ ይወርዳል፤ ክሩም ጨርቁ ላይ ከመያዙ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ደጋግሞ ይመላለሳል፣ በሰበቃው ይግላል፣ ይላጋል። የፖሊስተር ክር ይችለዋል፤ የሬዮን ክር ግን ቶሎ ይሸነፋል። የወርቃማ ክር ልባሱ ስለሚላጥ እርሱን ከ600 አላሳልፈውም። ኮፍያም ጎባጣ ስለሆነ መርፌው ሲወጣ አብሮ ይነሣል፤ ስለዚህ በዝግታ እሠራዋለሁ። ለደቃቅ ፊደልም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁን ወጥሮ የያዘው ፍሬም በጥድፊያ ሲንቀጠቀጥ የፊደሉ ጠርዝ ይወላገዳል።

አዲስ ሥራ ስጀምር በ600 አስነሣና የጨርቁን ጀርባ አያለሁ፤ ከሥር የሚመጣው የቦቢኑ ነጭ ክር በጥልፉ መሐል አንድ ሦስተኛውን ያህል ይዞ ከታየኝ፣ 50 እየጨመርኩ ድምፁን አዳምጣለሁ። ድምፁ ከተለወጠ፣ ወይም መርፌው አጠገብ ክሩ ፀጉር ካወጣ፣ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። በ600 እንኳ ከተበጠሰ ጥፋቱ የፍጥነት አይደለምና መርፌውን እለውጣለሁ፣ የክሩን ውጥረት አላላለሁ፣ ክሩን ከሥር የሚይዘው መንጠቆ ዘይት እንዳልደረቀ አያለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ክር የተጠለፉ ሁለት ቁራጭ ጨርቆች ልኬልዎታለሁ፤ አንዱ በ1000፣ ሌላው በ700 የተሠራ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ዓይንዎን ሳያደክሙ ጀርባቸውን ገልብጠው በጣትዎ ይዳስሱና፣ ስደውልልዎ ይነግሩኛል።

አክባሪ ልጅዎ