የሽሮዋን ግጥም ላክልኝ

ለወንድሜ ለታደሰ፣

እንደምን ሰነበትህ? ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ፤ ሳቅ። እናትህ ያረፉ ጊዜ ለመደወል ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ፤ ኋላ ደግሞ ኀፍረቱ አፌን ያዘው። ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን አንተው ነህ። እዚህ ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ ተቀምጬ ስለ ጎጌቶች ሳነብ ከረምኩ። የፈረንሳይ ሠራተኞች መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ እየጠጡ፣ ራሳቸው የገጠሙትን ይዘፍኑባቸው የነበሩ ማኅበራት ናቸው። በ1810 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የወንጀል ሕግ ከ20 ሰው በላይ የሆነ ማኅበር ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይቆም ስለከለከለ፣ ብዙዎቹ ከዚያ እንዳያልፉ ይቆጥሩ ነበር። አብዛኞቹ ዜማ አይደርሱም ነበር። አገር የሚያውቀውን ዜማ ይዘው አዲስ ግጥም ያስገቡበት፣ ከግጥሙ ራስጌም «በእገሌ ዜማ» ብለው ይጽፉ ነበር። አዝማቹን ቤቱ ሙሉ ይቀበል ነበር። ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ዘፈኖቹ በየጎጌቱ ይዘፈኑለት የነበረው ገጣሚ ቤራንዤ ለግጥሙ ሁለት ጊዜ ታስሯል።

ከነዚህ ገጣሚዎች አንዱ ዩዤን ፖቲዬ ነው፤ ሙያው የጨርቅ ጌጥ መንደፍ ነበር። በ1871 የፓሪስ ኮሚዩን የተባለው የከተማዋ አብዮታዊ አስተዳደር ሲደመሰስ ኢንተርናሲዮናል የተባለውን የሠራተኞች መዝሙር ግጥም ጻፈ፣ ተሰደደ፣ ምሕረት ሲታወጅ ደኽይቶ ተመለሰ። በ1883 ላ ሊስ ሻንሶኒዬር የተባለው ጎጌት ባዘጋጀው ውድድር ሜዳሊያ አገኘ፤ የድሮ ወዳጆቹም ያን ጊዜ አስታወሱት። በ1887 ሞተ። በዓመቱ እዚሁ ሊል ውስጥ ፒየር ደጌይተር የተባለ እንጨት ጠራቢ ለግጥሙ ዜማ አወጣለት። ፖቲዬ ያንን ዜማ አልሰማውም፤ እኔና አንተ ግን በደርግ ጊዜ በየሰልፉ ግራ እጃችንን አንስተን ጠገብነው!

ትዝ ይልሃል? ሁሉም ጉሮሮውን ሲሰነጥቅ፣ አንተ ከጎኔ ቆመህ በዚያው ዜማ ስለ አዳሪ ቤቱ ሽሮ የገጠምከውን በሹክሹክታ ታዜም ነበር። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ አደማሁት፤ የያዝኩት መፈክር ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ ጎጌተኛ ኖረሃል፤ ያውም ለአንድ ሰው ብቻ የምትዘፍን።

ሽሮዋን ከዝናብ ውኃ ጋር ያመሳሰልክባት ስንኝ አሁንም አለችኝ። ቤት የመታችበት ቃል ግን ከአእምሮዬ ጠፍቶ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። እሷን ጽፈህ ላክልኝ፤ ስድቡን ከፈለግህ ከሥሯ ጨምርበት።

ያንተው ወንድም