ስምሽን አስጽፊ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁብሽ፣ ይቅርታ። ኩርፊያሽን አውቀዋለሁ፤ ስንገናኝ ትወቅሺኛለሽ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው።

ሰሞኑን እዚህ ሻርጃ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ ዘፈንሽን ሰማሁት። አዝማቹ ላይ እናትሽ ቡና ሲያፈሉ የሚሏት ነገር አለች አይደል? እሷን ስሰማ እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ከአንቺ ሌላ ማን ሊጽፋት ይችላል? ወዲያው ዩቲዩብ ከፍቼ ከሥር ያለውን አነበብኩ። ድምፃዊው አለ። ዜማ ደራሲው አለ። አቀናባሪው፣ ካሜራ ያነሳው፣ ፀጉር የሠራችው ሁሉ አሉ። ግጥም የሚል መስመር ግን የለም።

ንዴቴን ለሥራ ባልደረባዬ አወራሁት። የፓኪስታን፣ የላሆር ሰው ነው። «የህንድ ፊልም ዘፈን ገጣሚውን፣ የሳሂርን ታሪክ አታውቂም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። እኔና አንቺ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ተፋፍገን በህንድ ፊልም ስናለቅስ፣ ዘፈኑን ማን ጻፈው ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ሳሂር ሉድሂያንቪ እ.ኤ.አ. በ1921 ፑንጃብ ውስጥ ሉድሂያና ተወለደ። አባቱ ባለርስት ነበሩ። እናቱ ግን ሀብቱን ትተው፣ ልጃቸውን ይዘው ወጡ፤ በችግር አሳደጉት። ለፊልም መጻፍ ሳይጀምር በኡርዱ ቋንቋ በጻፈው የግጥም መጽሐፉ ስሙን ተክሏል። በ1949 ላሆርን ለቆ ወደ ህንድ ተሻገረ፤ ቦምቤይም ገባ። ከገጣሚዋ ከአምሪታ ፕሪታም ጋር የነበረው ፍቅር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እሱን ቡና ላይ አጫውትሻለሁ።

አሁን «ፕያሳ»ን ተመልከቺልኝ። የ1957 ፊልም ነው፤ ጉሩ ደት ሠርቶ ራሱ የተወነበት። ባለታሪኩ የሚያሳትመው ያጣ ገጣሚ ነው። ወንድሞቹ ግጥሞቹን ለውራጅ ወረቀት ገዢ ይሸጡበታል። ኋላ የሞተ ሲመስላቸው መጽሐፉ ታትሞ ስሙ ይገናል። በመታሰቢያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሲያመሰግነው፣ እሱ በር ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ ይዘፍናል። የዚያን ዘፈን ግጥም የጻፈው ሳሂር ነው። እዚያው ፊልም ውስጥ ባለታሪኩ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ሲያልፍ የሚዘፍነውም ከሳሂር መጽሐፍ የወጣ ግጥም ነው፤ ከበድ ያለውን ኡርዱ ለተመልካች ብሎ አቅልሎታል። አንቺም እንዲህ ነው የምትጽፊው፤ ቀሎ ይገባል፣ ግን አይለቅም።

ከ«ፕያሳ» በኋላ ሳሂር ከዜማ ደራሲው ከኤስ.ዲ. በርማን ጋር ተለያየ። የጠቡ ሥር ለዘፈኑ መወደድ ምስጋናው የማን ነው የሚል ነበር። ሳሂር ግን እጁን አልሰጠም። ከታላቋ ድምፃዊት ከላታ ማንጌሽካር በአንዲት ሩፒ የበለጠ ካልተከፈለኝ ይል ነበር ይባላል። አንዲት ሩፒ! ብሩን ፈልጎ አይመስለኝም። የህንድ ሬዲዮም ዘፈን ሲያቀርብ የገጣሚውን ስም እንዲጠራ ታገለ፤ ተሳካለትም። ሽልማቱም ክብሩም መጣለት። በ1980፣ በ59 ዓመቱ ሲሞት ዘፈኑ የማን እንደሆነ አገር ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እ... ልጠይቅሽም ፈራሁ። ድምፃዊው ገንዘቡንስ ሰጠሽ? ወይስ «ለወንድምነት ነው» ብሎ አለፈ? አንቺ ደግሞ ይሉኝታሽ አያድርስ ነው። ልጅ ሆነን እንኳ የራስሽን ደብተር መልሺልኝ ማለት ታፍሪ ነበር።

ስሚኝ፤ ይህ ልመና አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደራሲነትሽ እንዲታወቅልሽ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ሙሉ አልበሙ ለበዓል ይወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሽፋኑ ሳይታተም ሂጂና ስሜ ይግባ በይው። ብቻሽን ከከበደሽ ታላቅ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ። የጻፍሽበት ደብተር ካለሽ ቀን ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ለእኔም ላኪልኝ።

ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ከሥራ የምወጣው በእናንተ ሰዓት ማታ ሦስት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደውዪልኝ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው