ስለ ቅዳሜው ሽኝት ከልቤ አመሰግናለሁ

ወዳጆቼ፣ የጡረታ ሽኝቴ ላይ የተገኛችሁም፣ ከሩቅ ደውላችሁ የመረቃችሁኝም፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማይኩን ሲሰጡኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ልናገር ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው።

34 ዓመት አንቴና አስተማርኩ። ነገሩ የጀመረው ግን ጣሪያ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ የቴሌቪዥኑ ምስል ሲረበሽ ቆርቆሮው ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እኔ አንቴናውን አዞራለሁ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ከታች «ጠራ! አይ፣ ጠፋ! ትንሽ ወደ ግራ!» ትላለች። ያ የዓሣ አጥንት የመሰለ ነገር ለምን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያዳምጥ የገባኝ አምስት ኪሎ ገብቼ ነው። ከዘንጎቹ ኬብል የሚገጠመው ለአንዱ ብቻ ነው። ከኋላው ያለው ረዘም ብሎ ሞገዱን ይመልሳል፣ ከፊት ያሉት አጠር አጠር ብለው ይመሩታል። እነሱን ካነሳህ የራቀ ጣቢያ መያዝ ዘበት ነው።

ይህን አንቴና ብዙ ሰው «ያጊ» ብቻ ይለዋል። የተሠራው ጃፓን፣ ሰንዳይ ከተማ፣ ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ነው። አብዛኛውን ሥራ የሠሩት ግን ሺንታሮ ኡዳ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በጃፓንኛ ጽፈውታል። ፕሮፌሰር ሂዴትሱጉ ያጊ በ1928 በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ኡዳን ቢያነሷቸውም የሰው አፍ አንዱን ስም ብቻ ያዘ። ለዚህ ነው ፈተና ላይ «ያጊ-ኡዳ» ብላችሁ እንድትጽፉ ድርቅ የምለው።

እኔም ኡዳ ነበረኝ፤ የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎ ስለለመነኝ አልጽፈውም። ያዘዝነው መለኪያ መሣሪያ አንድ ቢሮ ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ተይዞ የተማሪዎቼ የመመረቂያ ሥራ ሊቀር ሲል፣ እሱ መርካቶ ሄዶ የመዳብ ሽቦና የውኃ ቱቦ ገዝቶ መጣና፣ የአንዱ ዙር ርዝመት ከሞገዱ ርዝመት ጋር መቀራረብ ስላለበት በክር እየለካ፣ ሽቦውን ቱቦው ላይ ጠምጥሞ ሄሊካል አንቴና ሠራልን። የዚህ አንቴና ፈልሳፊ፣ የኦሃዮው ጆን ክራውስም በ1946 «አይሠራም» ተብለው እያለ የመጀመሪያውን የጠመጠሙት ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የእኛንም ጣሪያ ላይ አውጥተን፣ በየ10 ዲግሪው እያዞርን፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ለካነው። ሠራ! ከእነዚያ ልጆች አንዷ ዛሬ ራሷ አንቴና ታስተምራለች። ቅዳሜ ፊት ረድፍ ላይ ስታለቅስ አየኋት።

ባለቤቴ፣ የልብስ ማስጫሽን ሽቦ ስንት ጊዜ ለሙከራ ወሰድኩብሽ። አንድም ቀን አልተቆጣሽኝም። አመሰግንሻለሁ።

ልጆቼ፣ በየዘንጉ ስማችሁን ቀርጻችሁ የሰጣችሁኝን አንቴና ሳሎን አላስቀምጠውም። ጣሪያ ላይ ይወጣል። ቴክኒሻናችን እሁድ መሰላል ይዞ እመጣለሁ ብሏል።