የባዮሎጂ ክበብ፦ ትሮፖኒን የሌለው ጡንቻ

ዘንድሮ የችግኝ ቦታ፣ ጉብኝት፣ ጥያቄና መልስ ምናምን አቅደን ነበር፤ ግን ጥቅምት ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ባነሳችው ጥያቄ አብዛኛው ጊዜ አለቀ፣ እኔ ደግሞ አልቆጨኝም። የክንድ ጡንቻ ሲኮማተር ካልሲየም ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ፣ አክቲን የሚባለውን የፕሮቲን ክር የሸፈነው ትሮፖማዮሲን ገለል ይላል፣ ማዮሲን የሚባለው ሌላ ፕሮቲን አክቲኑን ይጎትታል ብዬ አስረድቼ ስጨርስ "ቲቸር፣ አንጀትም እንደዚህ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ማታ ሳነብ ለካ ለስላሳ ጡንቻ (እንደ አንጀት ያለ፣ ሳናዘው በራሱ የሚሠራው) ጭራሽ ትሮፖኒን የለውም! በሳምንቱ ክበቡ ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ታዲያ ማነው የሚያዘው? ካልሞዱሊን የሚባል ትንሽዬ ፕሮቲን አለ፣ 4 ካልሲየም ሲይዝ ኪኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ኪኔዙ ከኤቲፒ (የሴል ጉልበት የሚያዝ ሞለኪውል) ላይ ፎስፌት የሚባል ቁራጭ ወስዶ ማዮሲኑ አንገት ላይ ይለጥፋል፣ መጎተት የሚጀምረው ያኔ ነው። የክንድ ጡንቻ ላይ ቁልፉ አክቲኑ ጋ ነው፣ እዚህ ግን ማዮሲኑ ጋ (ይሄን ለመቀበል ሁለት ሳምንት የተከራከሩኝ አሉ)። ፎስፋቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ደግሞ የተለጠፈውን ይነቅላል፣ ጡንቻው ይላላል። አክቲን ላይ ሆነው ፍሬን የሚይዙት ካልዴስሞንና ካልፖኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች ጋ ሳንደርስ ፈተና መጣ።

ላብ ስለሌለን የስልክ ባትሪ ዓይን ላይ እያበራን ብሌን ሲጠብ አየን፣ የሚያጠበውም ለስላሳ ጡንቻ ነው። ከዛ 2 ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ክንድ ዘርግቶ የመያዝ ውድድር፤ ጉረኞቹ ሁሉ ወዲያው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የደም ስር ጡንቻ ግን (እሱም ለስላሳ ነው) ቀን ከሌት ጨብጦ አይደክመውም፣ ምክንያቱም ፎስፌቱ ከተነቀለ በኋላም ማዮሲኑ አክቲኑን ቶሎ አይለቅም፣ በትንሽ ኤቲፒ ተጣብቆ ይቆያል።

የወላጆች ቀን ላይ በድራማ አቀረብነው፣ ፎስፌቱ የልብስ መቆንጠጫ ነበር። ፎስፋቴዝ የሆነው ልጅ ሽንት ቤት ሄዶ ስለዘገየ ጡንቻችን ሳይላላ ቆሞ ቀረ፣ አዳራሹ በሳቅ። ሲያልቅ አንዲት እናት "ልጄ ለአስም የምትስበው ሳልቡታሞልስ?" ብለው ጠየቁ፣ እኔ አፌን ስከፍት ያቺው የጥቅምቷ ልጅ ቀደመችኝ፦ "እትዬ፣ እሱ የሳንባ ቧንቧው ጡንቻ ውስጥ ካልሲየሙ እንዲቀንስ፣ ኪኔዙም እንዲደክም ያደርጋል፣ ለዛ ነው አየሩ የሚያልፈው።"

የችግኙ ቦታ ሳይቆፈር ክረምት ገባ።